የዝሆኑ ሕግ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ባሕር ዛፉ ግን ጸደቀ፦ የአፄ ምኒልክ ሕይወት ከእንጦጦ ጫካ በኩል ሲታይ

ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን ብታዞሩ፣ ከሕንፃዎቹ በላይ አረንጓዴ ተራራ ታያላችሁ። ከየካ ተነስቶ ወደ እንጦጦ የሚዘልቀው ሰንሰለት ነው። ብዙዎቻችን ያ አረንጓዴ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበረ ጫካ ይመስለናል። አይደለም። አብዛኛው ካለፉት 130 ዓመታት ወዲህ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ከዚያ በፊት ተራራው ተራቁቶ ነበር። እሱም ሳይራቆት በፊት ደግሞ ጥድና ወይራ የለበሰ ደን ነበር።

የሰፈሩን ስም እንኳ ልብ በሉት። ሾላ ዛፍ ነው፤ ጉርድ ደግሞ ጉርድ ፎቶ እንደምንለው ከመሃል የተቆረጠ ማለት ነው። በየቀኑ ታክሲ ረዳት አፍ ላይ የምንሰማው ስም ስለ ተቆረጠ ዛፍ ያወራል።

በዚህ ተራራ ታሪክ ውስጥ ከማንም በላይ ስማቸው የሚነሳው ሰው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ስለ ዐድዋ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ስልኩ ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ ግን በሌላ በር እንግባ። የምኒልክን ሕይወት ከዛፉና ከዱር እንስሳው በኩል እንየው። ምክንያቱም በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃና የብሔራዊ ፓርኮች ታሪክ ሲተረክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚገኘው የእሳቸው ሕግ ነው።

(በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንጎለላው ልጅ

ሣህለ ማርያም የተወለደው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው አንጎለላ ነው። አባቱ ኃይለ መለኮት ይባላሉ፤ አያቱ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ። እናቱ ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው።

ልጁ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ወረሩ። ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ ልጃቸውም ተማርኮ ተወሰደ። መቅደላ ላይ አሥር ዓመት ገደማ ኖረ። እስረኛ ነው እንዳንል ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ነው ያሳደጉት፤ ነፃ ነው እንዳንል ደግሞ ወደ አገሩ መመለስ አይችልም። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ወጣ። የወሎዋ ወርቂት መንገድ ከፈተችለት፤ ሸዋ ሲደርስም ሕዝቡ ተቀብሎት የሸዋ ንጉሥ ሆነ። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንበላቸው።

ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸውን በመጀመሪያ አንኮበር፣ ቀጥሎ ልቼ አደረጉ። ያኔ ቤተ መንግሥት ማለት እንደ ዛሬው አንድ ቦታ የተተከለ ነገር አልነበረም። ንጉሡ ከሠራዊታቸው፣ ከአገልጋዩ፣ ከከብቱ ጋር አንድ ቦታ ይሰፍራሉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ምግብ ያበስላል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ እሳት ይሞቃል። ለዚህ ሁሉ እንጨት ያስፈልጋል። ዙሪያው ያለው ዛፍ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሳና ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። የተተወው ቦታ ደግሞ ራቁቱን ይቀራል። ይህን ልማድ ያዙልን፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

እንጦጦ ላይ

በ1870ዎቹ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ወጡ። የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ እዚያ ተገኘ መባሉ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው ከላይ ሆኖ ሁሉን ማየት መቻሉ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ለጦር ሰው ጥሩ ምሽግ ነው።

ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ብርዱ አይጣል ነው፣ ንፋሱ ድንኳን ይገለብጣል፣ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንጨቱ ቶሎ አለቀ። ብርድ ያለበት ቦታ ላይ ሰው ብዙ እሳት ያነዳል፤ ብዙ እሳት ሲነድ ደኑ ይሸሻል።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃው ወርደው ሜዳውን ወደዱት። ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ቤተ መንግሥቱም ቀስ እያለ ተከትሎ ወረደ። እንጦጦ ግን ወዲያው አልተረሳም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ መንግሥቱ ከወረደ በኋላም ተራራው ከተማዋን ማገልገሉን ቀጠለ። ለቤተ መንግሥቱ በቧንቧ የገባው የመጀመሪያው ውሃ የመጣው ከእንጦጦ ምንጭ ነው።

ጥርስ በጠመንጃ

አሁን ወደ ዱር እንስሳቱ እንምጣ። እዚህ ጋ ታሪኩ ለጆሮ የሚጥም ብቻ አይደለም።

ምኒልክ መሣሪያ ይፈልጉ ነበር። በሰሜን ጣሊያን እየገፋ ነው፤ በቀይ ባሕር በኩል አውሮፓውያን አፍሪካን እየተከፋፈሉ ነው። ጠመንጃ ደግሞ በነፃ አይመጣም። የሸዋ መንግሥት ለመሣሪያ የሚከፍለው ወርቅ፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነበረው። የባሪያ ንግዱም በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ ትልቅ ዋጋ ከሚያወጡት አንዱ የዝሆን ጥርስ ነው። ያኔ አውሮፓና አሜሪካ የፒያኖ ቁልፍና የቢሊያርድ ኳስ ከዝሆን ጥርስ ይሠሩ ነበር።

ጥርሱ የሚመጣው በአብዛኛው ከደቡብና ከምዕራብ ነው። የምኒልክ ጦር ወደዚያ በዘመተ ቁጥር፣ ግዛት በተያዘ ቁጥር፣ ግብርም ይጣላል። ከግብሩ ውስጥ የዝሆን ጥርስ አለ። ለእነዚያ አካባቢዎች ሕዝቦች ዘመኑ ከባድ ነበር፤ ዝሆኑም ከሰው ጋር አብሮ ከፈለ። አዳኝ አንድ ዝሆን ሲጥል ከሁለቱ ጥርስ አንዱ ለገዥው ይገባል፤ ይህ የቆየ ሥርዓት ነው።

ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ክብሩም ነበር። ዝሆን የገደለ ሰው በአደባባይ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ ጆሮው ላይ ጌጥ ያደርጋል። ግዳይ ማለት ማዕረግ ነው። በጦርና በፈረስ ዝሆን መግጠም በእርግጥም ነፍስን መያዣ ማድረግ ነበር። ጠመንጃ በብዛት ሲገባ ግን ሚዛኑ ተዛባ። ማዕረጉ እንዳለ ቆየ፣ አደጋው ቀነሰ፣ የሚሞተው ዝሆን ቁጥር በዛ።

በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ድረስ ጠመንጃ ይዘው ከመጡት ነጋዴዎች አንዱን ብዙዎቻችሁ በሌላ ሙያው ታውቁታላችሁ፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ያን ጊዜ ግጥም ትቶ ነጋዴ ሆኗል። ምኒልክ ዋጋውን አስቀንሰው ገዙት፤ ገንዘቡንም ሐረር ላይ ከመኮንን እንዲቀበል አዘዙለት። ራምቦ በንግዱ አልተደሰተም። ምኒልክ ግን ጠመንጃቸውን አገኙ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ድሉ የሰው ደም ዋጋ ነው፤ በዚያ ላይ ጥያቄ የለም። ነገር ግን እዚያ ከተተኮሰው ጠመንጃ የተወሰነው የተገዛው በዝሆን ጥርስ መሆኑን ማወቅ ድሉን አያሳንስም። ነፃነታችን ምን ምን እንዳስከፈለ ሙሉ ሒሳቡን ማወቅ ነው።

በስጦታ የሄዱት

ምኒልክ እንስሳትን ለዲፕሎማሲም ተጠቅመውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1882፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጁል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ። እንስሳው ፓሪስ ደርሶ ብዙም አልቆየም፤ ሞተ። ያዩት ሳይንቲስት ግን ከሚያውቁት የሜዳ አህያ ዓይነት የተለየ መሆኑን ተረዱ። መስመሩ ቀጭን ነው፣ ጆሮው ሰፊና ክብ ነው፣ ሆዱ ነጭ ነው። በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። ዓለም እስከ ዛሬ የግሬቪ ሜዳ አህያ ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው። ላኪው ኢትዮጵያዊ፣ እንስሳው ከኢትዮጵያ፣ ስሙ የተቀባዩ።

ዛሬ ይህ የሜዳ አህያ በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ትልልቅ አጥቢዎች አንዱ ነው። የቀረው በሰሜን ኬንያና በኢትዮጵያ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ሲሆን፣ አንዱ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት የሆነው አላይደጌ ሜዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ አሜሪካኖች የንግድ ውል ሊዋዋሉ አዲስ አበባ መጡ። ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አንበሳና የዝሆን ጥርስ ላኩላቸው። ከእሳቸው ከተላኩት እንስሳት መካከል አንድ ጅብም ነበር፤ ዋሺንግተን ሲደርስ ቢል የሚል ስም ወጣለት። ማታ ማታ ሰፈራችን የሚጮኸው ጅብ ዘመድ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ዘንድ ታዋቂ ነበር ማለት ነው።

በራሳቸው በምኒልክ ስም የሚጠራ እንስሳም አለ። የምኒልክ ድኩላ ይባላል። የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ወንዱ ጠቆር ያለ ፀጉራም ነው፤ ጫካ ውስጥ ቆሞ ካልተንቀሳቀሰ አጠገቡ አልፋችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። ባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ የሄደ ሰው በቅርብ ያየዋል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎም መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ አለ።

ክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አባቶቻችን ክፉ ቀን ይሉታል። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ። ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረሃብ ገባ።

በሽታው ለዱር እንስሳትም አልራራም። ጎሽና ሌሎች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት በብዛት አለቁ። የሚታደን ያጡ አውሬዎች ወደ ሰው መንደር ገቡ። የዱሩና የቤቱ እንስሳ፣ የገበሬው ማሳና የአውሬው ጫካ በአንድ ክር የተሳሰሩ መሆናቸውን ያ ዘመን በከፋ መንገድ አሳየ።

አፄ ምኒልክ በዚያ ጊዜ ያደረጉት ነገር ስለ ባሕርያቸው ብዙ ይናገራል። በሬ ስለሌለ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ለመኳንንቱ ቁፋሮ ነውር ነበር። ንጉሡ ሲቆፍሩ ግን ነውርነቱ ቀረ። አዋጅ ብቻውን የማይሠራውን ነገር በተግባር አሠሩት። ይህንንም ያዙልን።

እንጨት ያለቀባት ከተማ

አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ የድሮው ችግር ተከትሏት መጣ። እንጦጦ ተራቁቷል፣ የካ ተራቁቷል፣ ዙሪያው ሜዳ ሆኗል። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ከሩቅ፣ ከመናገሻ በኩል ሳይቀር በሰውና በአህያ ጀርባ ይመጣል። ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ድሃው እበት ያነዳል።

መናገሻ ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በምኒልክ ዘመን ይህ ደን የመንግሥት ተብሎ ጥበቃ ተደረገለት። ዛሬ መናገሻ ሱባ ሄዳችሁ የምታዩት ግዙፍ ጥድ፣ ጉሬዛውና ድኩላው እስከ ዛሬ የቆዩት ቦታው በየዘመኑ ጠባቂ ስላልታጣለት ነው።

ለከተማዋ ግን መናገሻ መፍትሔ አልሆነም። ስለዚህ ምኒልክ የለመዱትን አሰቡ፤ ተነስቶ መሄድ። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ደን ባለበት ቦታ አዲስ ዓለም የምትባል ከተማ መቆርቆር ጀመሩ። ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። አዲስ አበባም እንደ ልቼና እንደ እንጦጦ ልትተው ነበር። ቢሆን ኖሮ ጉርድ ሾላ ዛሬ የእርሻ መሬት ትሆን ነበር ማለት ነው።

ግን አልሆነም። ኤምባሲዎቹና መኳንንቱ ቤታቸውን በድንጋይ ሠርተዋል፣ መልቀቅ አልፈለጉም። ከዚያም በላይ አንድ ሌላ ነገር ውጤት ማሳየት ጀምሮ ነበር። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ አዲስ አበባም ዋና ከተማ ሆና ቀጠለች።

ባሕር ዛፍ

ያ ሌላ ነገር ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሐሳቡን ያመጡት ሞንዶን የተባሉ ፈረንሳዊ እንደሆኑም ይነገራል።

ዛፉ ለዚያ ጊዜው ችግር የተፈጠረ ይመስል ነበር። ቶሎ ያድጋል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ ጠባቂ አይፈልግም። ቢቆርጡት ከጉቶው ላይ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ያውም አንዱ ግንድ ብዙ ሆኖ። ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለቤት ማገር ይሆናል፣ ለአጥር ይሆናል፣ ለማገዶ ይሆናል።

ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል አደረጉ። ዛፍ የተተከለበትን መሬት ደግሞ ከግብር ነፃ አደረጉ። በቃ፣ ቁልፉ ይሄ ነው። ሰው አትክልም ካልክ ትቀጣለህ ተብሎ አይደለም የተከለው። ሲተክል ግብር ስለሚቀርለት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሸጦ ስለሚጠቀም ነው። መኳንንቱም ድሃውም ተከለ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ራቁቷ ከተማ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ የተደበቀች መሰለች። እንጦጦና የካም እንደገና አረንጓዴ ለበሱ።

ዋጋ አልነበረውም ማለታችን አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሃ በብዛት ይጠጣል። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ሣርና ቁጥቋጦ በሌለበት ድኩላ አይኖርም፣ የወፉም ዓይነት ይቀንሳል፣ አፈሩንም ዝናብ ያጥበዋል። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የነበረበት ተራራ ላይ የተመለሰው አረንጓዴው እንጂ ደኑ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳናት፤ የተራራውን ነባር ሕይወት ግን አልመለሰም።

የ1901ዱ ሕግ

ምኒልክ በስተ እርጅና አገራቸውን በተቋም ለማስተዳደር ሞከሩ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የእርሻ ሚኒስቴር ነበር። በ1901 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የዱር እንስሳት አደንን፣ በተለይም የዝሆን አደንን፣ ሥርዓት የሚያስይዝ ሕግ ወጣ። በአገራችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ታሪክ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሕግ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

አስቡት እንግዲህ። በዝሆን ጥርስ መሣሪያ የገዙት ንጉሥ የዝሆንን አደን ለመገደብ ሕግ አወጡ። ግብዝነት ነው ወይስ መማር? እኛ መማር ነው እንላለን። በዘመናቸው መጀመሪያ ዝሆን የማያልቅ ሀብት ይመስል ነበር። በመጨረሻው ግን በየቦታው መጥፋቱን አዩ። እንጨቱ እንዳለቀው ሁሉ ዝሆኑም ያልቃል።

ታዲያ ባሕር ዛፉ ሲሠራ ሕጉ ለምን አልሠራም? መልሱ ብዙም ሩቅ አይደለም። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ጥቅም ያገኛል። ዝሆን ያልገደለ ሰው ግን ምን ያገኛል? ግብሩን ማምጣት የሚጠበቅበት ያው ገዥ ነው፣ ጠመንጃው በየቤቱ አለ፣ ፉከራውና ዘፈኑ ለገዳይ እንጂ ለጠባቂ አይደለም። ሕጉን የሚያስከብር የዱር እንስሳት ጠባቂ ደግሞ ያኔ የለም። ንጉሡም ሥልጣናቸው ከእጃቸው እየወጣ ነበር። ሕመም በተደጋጋሚ ጥሏቸው በ1902 ዓ.ም. ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። እንደ ክፉ ቀኑ ዶማ ይዘው ወጥተው ማሳየት አይችሉም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። አፅማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ ታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ይገኛል።

ከእሳቸው በኋላ የመጣው

ሕጉ ወረቀት ላይ ቢቀርም ሐሳቡ አልሞተም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የአደን አዋጅ እንደገና ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የዩኔስኮ ባለሙያዎች መጥተው አገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮችና ራሱን የቻለ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እንደሚያስፈልጋት መከሩ። መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ። አዋሽ በ1958 ዓ.ም. ፓርክ ሆነ፤ ሰሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. በሕግ ጸና። ለዝሆን የተከለለው ባቢሌም በዚያው ሰሞን መጣ።

አሁንም ግን የምኒልክ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ላልገደለው፣ ላልቆረጠው ሰው ምን ይሰጠዋል? አዋሽ ሲከለል ከብቶቻቸውን እዚያ ሲያግጡ የኖሩት ከረዩዎችና አፋሮች ግጦሻቸውን አጡ። በደርግ ዘመን ሰሜን ተራሮች ላይ ገበሬዎች በግድ ተነስተዋል። ሰው በእንዲህ ዓይነት መንገድ ከመሬቱ ሲነሳ ፓርኩን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ጥበቃው በላላ ቀን ደግሞ ቂሙን የሚወጣው በዛፉና በዋልያው ላይ ነው።

ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እየተመናመኑ፣ ግጦሹና መንገዱ ፓርኩን እየቆራረጡት ስለነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ የግጦሽ ጫናው መቀነሱ፣ አማራጭ መንገድ መሠራቱና የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ተጠቅሰዋል። ያም ሥራ አልቋል ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታት በሰሜኑ ጦርነትና አለመረጋጋት ምክንያት የዋልያ ነገር እንደገና አሳሳቢ ሆኗል።

ስለ ዝሆን ጥርስም አንድ ነገር እንጨምር። መጋቢት 2007 ዓ.ም. ምኒልክና ጣይቱ በቆረቆሯት ከተማ መንግሥት 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት አቃጠለ። ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎች ሲያዝ ኖሮ የተከማቸ ነው። አንድ ጊዜ ጠመንጃ የሚገዛ ሀብት የነበረው ነገር፣ ማንም እንዳይገዛውና እንዳይሸጠው አመድ ሆነ።

ተራራው ዛሬ

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር እንጦጦ ላይ 1 ሺህ 300 ሄክታር ያህል ቦታ ተረክቦ የእንጦጦ ተፈጥሮ ፓርክ ብሎ እየሠራ ነው። ሥራው ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን መመለስ ነው። ምኒልክ ያስተከሉትን መንቀል ሳይሆን፣ እሳቸው ሳይመጡ በፊት የነበረውን ማስታወስ በሉት። በጉለሌ በኩልም የዕፅዋት ማዕከል አለ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን እንጦጦ ፓርክማ ብዙዎቻችሁ ፎቶ ተነስታችሁበታል።

ግን ፎቶው ላይ የማይታይ ሰውም አለ። ጎህ ሳይቀድ ተራራው ላይ ወጥተው ጎንበስ ብለው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ለእነሱ ጫካው መዝናኛ አይደለም፤ የልጆቻቸው እራት ነው። ነባር ዛፍ ይመለስ ስንል፣ አጥር ይጠር ስንል፣ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ጥድ እስኪያድግ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ምጣድ ግን ዛሬ መጣድ አለበት።

እኛ ከምኒልክ ሕይወት የምንወስደው ይህንን ነው። ንጉሡ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው ሰውን ጠቀመው፤ ተራራውን ሞላው። ሁለተኛው ከሰው ላይ ጥቅም ወሰደ፣ በምትኩ ግን ምንም አልሰጠም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ቀረ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ቤተ መንግሥት፣ ከአንድ ንጉሥ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የንጉሡ ኃይል አይደለም። ከታች ያለው ሰው ምን አገኘ የሚለው ነው።

ዛሬ ችግኝ ስንተክል፣ ፓርክ ስንከልል፣ ዋልያና ዝሆን ይጠበቁ ስንል ያው ጥያቄ ይጠብቀናል። ጫካው አጠገብ የሚኖረው ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? ጥሩ መልስ ካለን ዛፉ ይጸድቃል፣ እንስሳውም ይመለሳል። ከሌለን ግን ሌላ የተቆረጠ ዛፍ፣ ሌላ ሰፈር ላይ ስሙን ትቶ ያልፋል።